የአገር በቀል ዕፅዋት ወዳጆች ክበብ ምን ይሠራል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሾላ ገበያ አለ፤ ወይራ ሰፈርም አለ። ዛሬ ፒያሳ እያልን የምንጠራው አካባቢ ቀድሞ ብርብርሳ ይባል ነበር፤ ብርብርሳ በአፋን ኦሮሞ ዝግባ ማለት ነው። ወደ ጎጃም ብንሻገር ደግሞ እንጅባራ ከተማ ኮሶ በር የሚል ሌላ ስም አላት። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው መዲናችንም ብትሆን ስሟን ያገኘችው ከአበባ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች አንዱን ቦታ ከሌላው የሚለዩት በሚበቅልበት ዛፍ እንደ ነበር ከእነዚህ ስሞች እንረዳለን። ዛሬ ግን በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ቆመን ተማሪዎችን ዝግባን ከጥድ፣ ብሳናን ከዋንዛ ለይተው እንዲያሳዩን ብንጠይቅ፣ ስሙን እንጂ ዛፉን የሚያውቅ ብዙ አናገኝም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በየአገሩ የተለመደው አንዱ መንገድ የአገር በቀል ዕፅዋት ወዳጆች ክበብ ወይም ማኅበር ማቋቋም ነው። አባላቱ የግድ የሥነ ዕፅዋት ምሁራን መሆን አይጠበቅባቸውም። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች፣ አትክልተኞች፣ የቤት እመቤቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያገናኛቸው በአካባቢያቸው የሚበቅለውን ዕፅ የማወቅና የመጠበቅ ፍላጎት ነው። እንዲህ ያለ ክበብ ምን ይሠራል? ሥራውስ ለሳይንስ ምን ይጠቅማል? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ ይሞክራል።

አገር በቀል፣ ብርቅዬ፣ መጤ፣ ወራሪ

በቅድሚያ አራት ቃላትን እንለይ። አገር በቀል የሚባለው ሰው ሳያመጣው በአንድ አካባቢ በተፈጥሮ ሲኖር የቆየ ዝርያ ነው። ወይራ አገር በቀል ነው፤ ሆኖም በሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮችም ይገኛል። ብርቅዬ የምንለው ደግሞ በአንድ አገር ወይም አካባቢ ተወስኖ የሚኖረውን ነው። ብርብራ፣ ቆርች፣ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ግዙፍ ሆኖ የሚታየው ጅብራ፣ ሥሩ ለጭስ የሚሸጠው ከበርቾ ከዚህ ወገን ናቸው። መጤ የሚባለው ሰው ከሌላ ስፍራ ያመጣው ነው። ከመጤዎቹ መካከል ከቁጥጥር ውጭ ተስፋፍቶ ነባሩን የሚያፈናቅለው ወራሪ ይባላል።

ኢትዮጵያና ኤርትራ በጠቅላላው ወደ 6,000 የሚጠጉ ዘለቄታዊ ሥርና ግንድ ያላቸውና ሌሎች ከፍተኛ ዕፅዋት አሏቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ከአሥር አንድ ያህሉ በሌላ አገር አይገኙም። ይህን ቁጥር ያገኘነው በቀላሉ አይደለም። የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥናት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1980 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ተጀምሮ፣ የመጨረሻው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2009 እስኪወጣ ድረስ ወደ ሠላሳ ዓመታት ፈጅቷል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ማረም ይገባል። መጤ ሁሉ ጠላት አይደለም። ድንችም፣ በቆሎም፣ በርበሬም መጤዎች ናቸው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ ከአውስትራሊያ ምድር መጥቶ ባይተከል ኖሮ አዲስ አበባ በዋና ከተማነቷ መቀጠሏ ያጠራጥር ነበር። በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተመነጠረ በማለቁ ንጉሠ ነገሥቱ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር ይታወቃል። ፈጥኖ አዳጊው ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር አቃለለ፤ ከተማዋም ባለችበት ጸናች። ስለዚህ የአገር በቀል ዕፅዋት ወዳጅ ጥያቄ «ባሕር ዛፍ ለምን ተተከለ?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «ባሕር ዛፍ ያልተካቸውን እነማን ይተኳቸዋል?» የሚል ነው።

ደኑ በራሱ ለምን አይመለስም?

ብዙ ሰው «መሬቱን ብንተወው ደኑ ራሱ ይመለሳል» ብሎ ያስባል። ይህ አስተሳሰብ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። ፕሮፌሰር ደምል ተከታይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደጋ ደኖቻችን አፈር ውስጥ ስላለው የዘር ክምችት ያካሄዱት ጥናት ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። በአፈሩ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘሮች ተገኝተዋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘሮች ነበሩ። የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ አይቆይም። ወይ ወዲያው ይበቅላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይሞታል። ከዚህ የምንረዳው ከባድ ነገር አለ፤ እናት ዛፉ ከተቆረጠ መሬቱ ዛፉን የሚያስታውስበት ምንም ነገር አይቀረውም ማለት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ሦስቱ ታላላቅ የደጋ ዛፎቻችን፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ፣ ተባዕትና እንስት ዛፎቻቸው በአመዛኙ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ዛፍ የአበባ ዱቄት ብቻ ያመነጫል፤ ሌላው ዘር ብቻ ያፈራል። በኮሶ ላይ ይህን በዓይን መለየት ይቻላል፤ እንስቷ ቀላ ያሉ፣ ተባዕቱ ደግሞ ወደ ብርቱካንማ የሚያደሉ የአበባ ዘለላዎች አሏቸው። አያቶቻችን ለኮሶ ትል መድኃኒት የሚለቅሙት የእንስቷን አበባ ነበር። በአንድ መንደር ብቸኛ ሆኖ የቀረ የጥድ ዛፍ ለዓይን ያማረ፣ ለጥላ የተመቸ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአቅራቢያው ጓደኛ ከሌለው ፍሬ ቢስ ነው። በሕይወት ያለ ሆኖ ሳለ እንደ ዝርያ ግን አብቅቶለታል።

በዚህ ረገድ ትልቁ ባለውለታችን የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንኳ ከአንድ ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ደኖች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው። እነዚህን ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ዋነኛው መሰናክል የከብት መግባት መሆኑን አሳይተዋል። ከብቶች የበቀለውን ችግኝ ይበላሉ፤ ይረግጡታልም። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ይታያሉ፤ ከሥራቸው ግን ተተኪ የለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከእርሳቸው ጋር ተባብረው ባደረጉት ጥረት በርካታ ደኖች በድንጋይ ካብ ታጥረዋል። ካቡን የሠራው ያው የአካባቢው ሕዝብ፣ ድንጋዩም ከእርሻው ላይ የተለቀመው ነው። አንድ የሠፈር ክበብ ሊያስተውለው የሚገባ ትምህርት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ከመትከል ይልቅ ማጠር ይበልጣል።

አማተሮች ምን ሠሩ?

በሌሎች አገሮች የዕፅዋት ወዳጆች ያከናወኑት ተግባር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ አቅራቢያ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የአገር በቀል ዕፅዋት መካነ አትክልት ከቦታው ሊነሣ ሲል ነዋሪዎች ተሰባስበው ተሟገቱለት። መካነ አትክልቱ በስፍራው ጸና፤ ተሟጋቾቹም አልተበተኑም። የካሊፎርኒያ አገር በቀል ዕፅዋት ማኅበርን መሠረቱ፤ ማኅበሩ ዛሬ ከ30 በላይ ቅርንጫፎች አሉት።

በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1836 የተመሠረተ የሥነ ዕፅዋት ማኅበር አለ። ማኅበሩ አገሩን በአሥር ኪሎ ሜትር ካሬዎች ከፋፍሎ እያንዳንዱን ካሬ ለበጎ ፈቃደኞች በማደል የመጀመሪያውን የዕፅዋት ካርታ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1962 አወጣ። ሥራው ሲደጋገም ቆይቶ አዲሱ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲታተም ከ30 ሚሊዮን በላይ መዝገቦችን የያዘ ሆነ፤ ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎችም ተካፍለውበታል። ከብሪታንያ አገር በቀል ዕፅዋት ከግማሽ በላይ የሆኑት እያነሱ መሄዳቸው የታወቀው በዚህ ዘዴ ነው። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ያን ያህል ተመራማሪ ቀጥሮ ሊያሰማራ አይችልም።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በጥቂት ቦታ ብቻ የቀሩ ዕፅዋትን እየፈለጉ የሚመዘግቡበት መርሐ ግብር ይካሄዳል። ቡድኖቹ በየጊዜው ወደዚያው ቦታ እየተመለሱ የዕፅዋቱን ቁጥርና ያሉበትን አደጋ ይጽፋሉ፤ መረጃቸውም የአገሪቱን የተጠቂ ዕፅዋት መዝገብ ለማዘጋጀት ያገለግላል።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ወጥቶ ማየት

ክበቡ የሚጀምረው በጉዞ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ወይም እሑድ አባላቱ ወደ አንድ ገደል፣ ወንዝ ዳር ወይም ደብር ይወጣሉ። የተሻለው ዘዴ አንድን መንገድ መርጦ ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሱ ማየት ነው። አደይ አበባ በመስከረም ሜዳውን እንደሚያለብስ ሁሉም ያውቃል፤ ቀጋ መቼ ያብባል? ዋንዛ መቼ ይነጣል? የወይራ ፍሬ መቼ ይጠቁራል? እነዚህን ቀናት በየዓመቱ መመዝገብ ራሱን የቻለ ሳይንሳዊ መረጃ ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥ በዕፅዋት ኑሮ ላይ ያመጣውን ተጽዕኖ ለማወቅ ከሚያገለግሉት መዛግብት አንዱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ዝምድናን ማወቅ ነው። ኮሶ፣ ቀጋና ጥቁር እንጨት በመልክ የማይመሳሰሉ ናቸው፤ አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ ቁጥቋጦ፣ አንዱ ግዙፍ ዛፍ። አበባቸውን በማጉያ መነጽር ቀርቦ ያየ ሰው ግን ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ፣ የጽጌረዳ ቤተሰብ፣ አባላት መሆናቸውን ይረዳል። የጫካው እንጆሪም የእነርሱው ዘመድ ነው።

ያልታወቀ ዕፅ ሲያጋጥም ናሙና ይወሰዳል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቅጠል፣ አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ይመረጣል፤ በጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ በሁለት ጣውላ ይታሰራል፤ እንዳይሻግት ጋዜጣው በየዕለቱ ይለወጣል። ከደረቀ በኋላ የተገኘበት ቦታ፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና የአካባቢው መጠሪያ የተጻፈበት ወረቀት ይያያዛል። መግለጫ የሌለው ናሙና ዋጋ የለውም፤ የደረቀ ቅጠል ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ብሔራዊ ሄርባሪየም በዚሁ መንገድ በተሰበሰቡ ናሙናዎች የተገነባ ነው። ተክሉ ብርቅዬ ወይም ጥቂት ከሆነ ግን ናሙና አይቆረጥም፤ ፎቶግራፍ ይበቃል። ዛሬ በእጅ ስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ቦታውንና ቀኑን ጭምር ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ በእጅጉ ይረዳል።

መመልከት ብቻውን የት ሊያደርስ እንደሚችል የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያን ጥገኛ ተውሳክ የሚያስተላልፉ ነበሩ። ልብስ የሚያጥበው ሁሉ እንዶድን ያውቀዋል፤ ወንዙን የሚሻገረው ሁሉ ቀንድ አውጣውን አይቶታል። ሁለቱን አገናኝቶ «ለምን?» ብሎ የጠየቀው ግን እርሳቸው ነበሩ። ይህ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1989 እርሳቸውንና የሥራ ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። እንዶድ አገር በቀል ተክል ነው፤ ዕውቀቱም የባለሙያ ሳይሆን የአጣቢዎቹ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ፦ ዘር መልቀምና ማብቀል

በገበያ ላይ የባሕር ዛፍና የግራቪሊያ ችግኝ በቀላሉ ይገኛል። የዝግባ ችግኝ ግን እንዲያ አይደለም። ምክንያቱ ሰዎች ስለማይወዱት ብቻ አይደለም፤ ማብቀሉ ስለሚያስቸግርም ነው። በዚህ መስክ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ለገሰ ነጋሽ ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ምርምር አለ፤ ስለ አገር በቀል ዛፎች አረባብና አበቃቀል መጻሕፍትም አሳትመዋል። የክበብ አባላት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

ግራር፦ የዘሩ ሽፋን ውኃ አያስገባም። በተፈጥሮ ይህን ሽፋን የሚያሳሳው እሳት ወይም የእንስሳ ጨጓራ ነው። በችግኝ ጣቢያ ደግሞ የፈላ ውኃ አፍስሶበት እስኪቀዘቅዝ ድረስ ማሳደር ይበቃል።

ወይራ፦ ሥጋው ይታጠባል፤ ድንጋይ መሰሉ ቅርፊት ፍሬውን ሳይጎዳ በጥንቃቄ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ያልተሰነጠቀው ለመብቀል ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ዝግባ፦ ትልቅ ፍሬ፣ ጠንካራ ቅርፊት። እንዲሁ ቢዘራ በወራት የሚቆጠር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቅርፊቱ ሲነሣለት ግን ጊዜው እጅግ ያጥራል። ብዙ ሳይቆይ መዘራት አለበት።

ጥድ፦ ከሚሰበሰቡት ዘሮች ብዙዎቹ ውስጣቸው ባዶ ነው። ውኃ ውስጥ ሲጨመሩ ባዶዎቹ ይንሳፈፋሉ፤ የሰመጡት ይዘራሉ።

ኮሶ፦ ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንድ ኪሎ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ይገኛሉ። ከላይ በስሱ ተነስንሶ በጥቂቱ ብቻ አፈር ይለብሳል፤ ጠልቆ የተቀበረ አይወጣም።

ጥቁር እንጨት፦ ዘሩ መድረቅን አይወድም። ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ሳይደርቅ ይዘራል። ቅርፊቱ ለመድኃኒት በዓለም ገበያ ስለሚፈለግ ዛፉ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር እንዲሆን ተደርጓል።

ብርብራ፦ ለጀማሪዎች የሚመከር ነው፤ ያለ ልዩ ዝግጅት በቀላሉ ይበቅላል።

ከዚህ ዝርዝር አንድ ጠቃሚ ነገር እናስተውላለን። እንደ ግራር ያሉ ዘሮች ደርቀው በቀዝቃዛ ክፍል ለብዙ ዓመታት ሊቀመጡ ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የአገራችን የዘረ መል ባንክም እንዲህ ያሉትን ሲያከማች ኖሯል። መድረቅ የማይወዱትን ግን በማቀዝቀዣ ማቆየት አስቸጋሪ ነው። ለእነርሱ አስተማማኙ ባንክ የቆመ ዛፍ ነው። አንድ ክበብ በየዓመቱ የጥቁር እንጨት ዘር ለቅሞ ቢያበቅል፣ ብሔራዊ ተቋም በቀዝቃዛ ክፍሉ ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ዘር ሲለቀም ሦስት ደንቦች አይዘነጉም። አንደኛ፣ የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም የመሬቱን ባለቤት ማስፈቀድ ነው። ሁለተኛ፣ ከአንድ ዛፍ ብቻ አለመልቀም ነው፤ ከአንዲት እናት የተገኙ ችግኞች ሁሉ ወንድማማቾች ስለሆኑ ሲራቡ ዘራቸው ይደክማል፣ በሽታም ቢመጣ በአንድነት ይጠቃሉ። ቢያንስ ከአሥር፣ ከተቻለ ከዚያ በላይ ከሆኑና እርስ በርስ ከተራራቁ ዛፎች መልቀም ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ሁሉንም አለመልቀም ነው። ለወፉ፣ ለጉሬዛውና ለመሬቱ ድርሻቸው ይቀመጥ፤ የዝግባን ዘር በሩቅ የሚዘሩት እነርሱ ናቸውና።

ሦስተኛው ሥራ፦ የተተከለውን መቁጠር

በአገራችን ችግኝ መትከል አዲስ ነገር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። የተከላ ቀን በዓል ነው፤ ፎቶግራፍ ይነሣበታል፤ ንግግር ይደረግበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ እንደ ጸደቀ የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። የሠፈር ክበብ ከሌሎች ሁሉ የላቀ ብልጫ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እዚያው ይኖራልና።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የዝርያው ስም፣ የተተከለበት ቀንና ቁመቱ በመዝገብ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረምና በጋው ሲያልቅ በግንቦት፣ ቆጠራ ይደረጋል። ለምሳሌ 200 ችግኞች ተተክለው በመጀመሪያው ግንቦት 120 ከተገኙ የጽድቀቱ መጠን 60 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ንጽጽር ሲኖር ግን ይናገራል። ግማሾቹ ታጥረው ግማሾቹ ካልታጠሩ፣ ወይም ግማሾቹ ከሥራቸው በደረቅ ሣር ከተሸፈኑና ግማሾቹ ካልተሸፈኑ፣ ልዩነቱ ምክንያቱን ያመለክታል። ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን የትኛው ችግኝ የት እንደሚደርሰው በዕጣ መወሰን ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጥሩ ጥሩዎቹን ችግኞች ወደ አጥሩ ውስጥ እንወስዳቸዋለን፤ ውጤቱም ያሳስተናል። በዩኒቨርሲቲ የሙከራ ንድፍ ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት መሠረቱ ይኸው ነው።

ችግኝ በመብዛቱ ብቻ ደን እንደማይሆን ይህ ቆጠራ በተጨባጭ ያስተምራል። እንዲሁም ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ሲተከሉ ገና በችግኝነታቸው ጾታቸው አይታወቅምና፣ በየቦታው አንድ አንድ ከመበተን ይልቅ በቡድን በቡድን መትከል ለወደፊቱ ዘር ዋስትና ይሆናል።

አራተኛው ሥራ፦ መንቀል

የዕፅዋት ወዳጅ ተክል ሲነቅል ማየት ለአንዳንዱ ሰው ያስገርመዋል። ነገር ግን ወራሪዎቹ በያዙት መሬት ላይ መትከል ትርፉ ድካም ነው። በየመንገዱ ዳር ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ይዞ የሚታየው ፓርቲኒየም፣ በብዙ ቦታ ቅንጭ አረም የሚባለው፣ አንዱ ተክል ብቻውን ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ሥሩና ቅጠሉ የሚያመነጩት ንጥረ ነገርም ሌሎች ዕፅዋት እንዳይበቅሉ ያግዳል። ሲነቀል ጓንት ማድረግ ያስፈልጋል፤ የቆዳ ማሳከክንና የመተንፈሻ አካል ሕመምን ያስከትላልና። ከሁሉም በላይ ሳያብብ መነቀል አለበት፤ ካፈራ በኋላ የተነቀለው ዘሩን በየመንገዱ ያራግፋል። የወፍ ቆሎ የሚባለው ባለ ቀለማት አበባ ቁጥቋጦም በአጥርነት ገብቶ ከአጥር የወጣ ወራሪ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ምን ያህል ጉልበት እንደ ጨረሰ ሁላችንም ሰምተናል። ሦስቱም መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ። አንድ ክበብ በአካባቢው አዲስ ወራሪ ገና ጥቂት ሳለ አይቶ ቢያስታውቅ ያገለገለው አገልግሎት በገንዘብ አይተመንም።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

ፍቅር ያለ ዕውቀት ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ብርቅዬ ተክልን ከጫካ ነቅሎ በጓሮ መትከል መጠበቅ አይደለም፤ ከአንዱ ቦታ አጥፍቶ በሌላው ቦታ መግደል ነው። ከበርቾ የሚፈለገው ለሥሩ ስለሆነ እያንዳንዱ ሽያጭ የአንድ ተክል ሞት ነው፤ እንዲህ ያሉ ዕፅዋት የሚገኙበትን ትክክለኛ ቦታ በአደባባይ ማሳወቅ ተገቢ አይደለም። በባህል ሐኪሞች ዘንድ ያለውን ዕውቀት የሚመዘግቡ አባላትም ፈቃድ መጠየቅ፣ የባለዕውቀቱን ምስጢር ማክበርና መድኃኒቱን በራሳቸው ላይ ከመሞከር መቆጠብ ይኖርባቸዋል። ኮሶ በመጠን ካልሆነ መርዝ ነው።

ሌላው ፈተና በጋ ነው። ብዙ ክበቦች የሚፈርሱት በጥርና በየካቲት፣ ሐሳቡ ሳይሆን ውኃው ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ክበቡ ከመትከሉ በፊት «ማን ያጠጣል? በየትኛው ሳምንት? ከየት ቀድቶ?» የሚለውን ተራ ጽፎ መለጠፍ አለበት። ሊያጠጣ ከሚችለው በላይ የተከለ ክበብ በኋላ የሚቆጥረው የደረቀ እንጨት ነው።

እንዴት ይጀመር?

ለመጀመር አምስት ወይም ስድስት ሰዎች፣ አንድ ደብተር፣ አንድ የማጉያ መነጽር፣ አሮጌ ጋዜጣና ሁለት ጣውላ ይበቃል። በመጀመሪያው ዓመት በትምህርት ቤቱ ወይም በቀበሌው ክልል የሚገኙትን ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ሁሉ ቆጥሮ ካርታ ላይ ማስፈር ከተቻለ ትልቅ እርምጃ ነው። ካርታው የእናት ዛፎች መዝገብ ይሆናል፤ ዘር ከየት እንደሚለቀም፣ የትኛው ዛፍ ብቸኛ እንደ ሆነ፣ ለየትኛው ጓደኛ እንደሚያስፈልገው ያሳያል። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ ክበቦች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመውንና ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለውን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቢጎበኙ፣ ባሕር ዛፍ በለበሰ ተራራ ላይ አገር በቀሉን የመመለስ ሥራ ምን እንደሚመስል በዓይናቸው ያያሉ።

ካርታው ሲሠራ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን መጠየቅ አይዘንጋ። የሠፈሩ ስም ከየት እንደ መጣ፣ የቆመው ዛፍ የት እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ቆረጠውና ለምን እንደ ተቆረጠ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ይህ ዕውቀትም ልክ እንደ ጥቁር እንጨት ዘር ነው፤ ደርቆ አይቀመጥም። የሚለቀመው ዛሬ ነው፤ የሚዘራውም ዛሬ ነው።